ርካሹ መሰርሰሪያ የረከሰው ለማን ነው?

በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶች ከቁም ነገር የማይቆጠር ሊመስል ይችላል። ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራና ስለ ማሽካንታ መጻፍ ሲገባችሁ ስለ ግድግዳ መሰርሰሪያ ምን አስጻፋችሁ የሚል ወቀሳ እንደሚደርስብንም እናውቃለን። ይሁን እንጂ እኛ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች በየቤቱ ስንገባ የምናየው ነገር አለ። ከመርካዝ ክሊታ ወጥቶ በቤት ኤሊዔዘር አንድ አፓርታማ የገባ ቤተሰብ፣ ገና ሶፋ እንኳ ሳይኖረው ከሚገዛቸው ዕቃዎች አንዱ በባትሪ የሚሠራ ርካሽ መሰርሰሪያ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስንመለስ መሰርሰሪያው ከነሳጥኑ አልጋ ሥር ተቀምጧል፤ መጋረጃው ደግሞ እንደተጠቀለለ ጥግ ቆሟል። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ብናየው ኖሮ ዝም ባልን ነበር።

ስለዚህ አቋማችንን ከወዲሁ በግልጽ እናስቀምጥ። በባትሪ የሚሠራና መዶሻም አለው እየተባለ በርካሽ የሚሸጠውን መሰርሰሪያ፣ የኮንክሪት ግድግዳ መብሳት ያለበት ቤተሰብ አንድና ብቸኛ መሣሪያ አድርጎ ሊገዛው አይገባም። ዕቃው ፈጽሞ አይረባም ማለታችን አይደለም፤ የሚረባበት ሥራ አለ፤ እሱንም ወደ ኋላ እንጠቅሳለን። የምንቃወመው ለማይችለው ሥራ መሸጡን፣ ይልቁንም በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ዕብራይስጥ አንብቦ ለመረዳት ገና ለሚቸገር ሰው መሸጡን ነው።

በአንድ ቤት ያየነውን እንንገራችሁ። አባትየው በጎንደር ገጠር ጎጆውን በገዛ እጁ የሠራ፣ ማገሩን የማገረ፣ በሩን የገጠመ ሰው ነው። እዚህ በመጣ በሁለተኛው ዓመት ከአንድ ሱቅ በሦስት ታሽሉሚም ይህን መሰርሰሪያ ገዛ። የመጋረጃውን ዘንግ ሊሰቅል ወንበር ላይ ወጥቶ ከመስኮቱ በላይ መብሳት ጀመረ። ልስኑ ወዲያው ተበሳ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ፑንታው አንዲት ጣት ያህል እንኳ አልገባም። በትከሻው ተጫነው። የፑንታው ጫፍ ግሎ ጠቆረ፣ ሞተሩ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ ባትሪውም አለቀ። የ12 ዓመት ልጁ ታች ቆሞ ሲያይ ቆይቶ፣ «አባ፣ በቃ ተወው፣ የሚያውቅ ሰው እንጥራ» አለው። አባትየው ከወንበሩ ወርዶ እጁን አየና «እጄ ከዳኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ያን ቀን ብዙ አልተናገረም።

ያን ዕለት እጁ አልከዳውም፤ የከዳው ዕቃው ነው። ነገር ግን በዚያ ቤት ይህን የሚያስረዳ ሰው አልነበረም። ልጁም አባቱ በአገሩ ምን ይሠራ እንደነበር ስላላየ፣ ያየውን አመነ። እንግዲህ ጉዳዩ የጥቂት መቶ ሸቀል ብቻ አይደለም የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ለመሆኑ ስለ መሣሪያ የማያውቅ ሕዝብ ነን? አንዳንድ ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል በመልካም ልብ የሚረዱን ይገኙባቸዋል፣ «እነዚህ ሰዎች መሰርሰሪያ አይተው ስለማያውቁ ነው» ሲሉ ሰምተናል። ይህ ትክክል አይደለም። በኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል ርስት ተከልክሎ በእጁ ሥራ የኖረ ሕዝብ ነው። በወናፍ ብረት አግሎ ማረሻና ማጭድ ያወጣ፣ ሸክላ የሠራ፣ ሸማ የሸመነ፣ ግንብ የገነባ ነው። በጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ እስከ ዛሬ በሸክላ ሥራዋ ትታወቃለች። ለዚህ ሙያ የተሰጠን ምስጋና ሳይሆን ጠይብና ቡዳ የሚል ስድብ እንደነበር አያቶቻችን ነግረውናል። ብረት በድምፁ የሚለዩ ሰዎች ልጆች ነን። የጎደለን እውቀት የዚህ አገር ግድግዳና የዚህ አገር ሳጥን እውቀት ብቻ ነው፤ እሱም በአንድ ቀን የሚነገር ነው። እንግዲህ እንናገረው።

በመጀመሪያ ግድግዳችን ምን ዓይነት ነው? በእስራኤል የሚሠሩት አብዛኞቹ አፓርታማዎች ምሰሶዎቻቸውና አግዳሚዎቻቸው ብረት ገብቶባቸው የፈሰሱ ኮንክሪት ናቸው። በመካከል ያለው ክፍት ቦታ የሚሞላው ውስጡ ባዶ በሆነ ብሎኬት ነው። ክፍልን ከክፍል የሚለዩት ግድግዳዎች ቀጭን ብሎኬት ወይም በዕብራይስጥ ጌቤስ የሚባለው የጅብሰም ሰሌዳ ሊሆኑ ይችላሉ። ከበርና ከመስኮት በላይ ግን ሸክሙን የሚችል የኮንክሪት አግዳሚ አለ። ልብ በሉ፤ መጋረጃ የሚሰቀለው ከመስኮት በላይ ነው። አዲስ ገቢ ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚበሳው ቦታ ከቤቱ ሁሉ ጠንካራው ነው ማለት ነው። ከዚህ በተጨማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ከተደረገው የባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ፣ ከ1992 ጀምሮ በሚሠሩ ቤቶች ማማድ የሚባለው መጠለያ ክፍል እንዲኖር ግዴታ ሆኗል። የማማድ ግድግዳ ወፍራምና ብረት የበዛበት ኮንክሪት ነው። በብዙ ቤት ይህ ክፍል የልጆች መኝታ ስለሆነ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ የሚሰቀለውም እዚያው ነው።

የግድግዳውን ዓይነት ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም። በገበያ ገንቦ ስንገዛ በጣታችን አንኳኩተን ድምፁን እንሰማ እንደነበር ሁሉ ግድግዳውንም አንኳኩት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ብሎኬት ወይም ጌቤስ ነው፤ ደንቆሮ ድምፅ ከሰጠና እጅን ካሳመመ ኮንክሪት ነው። ይህን ሳያደርጉ ወደ ሱቅ መሄድ እግርን ሳይለኩ ጫማ እንደ መግዛት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ መሣሪያው እንዴት ይሠራል የሚለው ነው። ርካሹ በባትሪ የሚሠራው መሰርሰሪያ «መዶሻ» የሚባለው በውስጡ ሁለት ጥርስ ያላቸው ክብ ብረቶች ስላሉት ነው። አንዱ በሌላው ላይ ሲዞር ጥርሱ ከጥርስ ላይ እየወጣ ይወድቃል፤ በወደቀ ቁጥር ፑንታውን በጥቂቱ ይነካዋል። በሳጥኑ ላይ በደቂቃ 20 ሺህና ከዚያ በላይ ምት ተብሎ የሚጻፈው ከዚህ የመጣ ነው። ቁጥሩ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ምት እጅግ ደካማ ነው፤ ጉልበቱም የሚመጣው ከሚጫነው ሰው ትከሻ ነው። ለብሎኬት ይበቃል። ለኮንክሪት ግን አንድ ሁለት ቀዳዳ በብዙ ላብ ቢያወጣ እንኳ ሦስተኛው ላይ ሞተሩ ይደክማል።

በዕብራይስጥ ፓቲሾን የሚባለው ሌላው መሣሪያ አሠራሩ ልዩ ነው። በውስጡ ሞተሩ የሚገፋው ፒስተን አየር ይጨምቃል፤ የተጨመቀው አየር ደግሞ አንድ ብረት ወርውሮ ፑንታውን ከኋላ ይመታዋል። የምቱ ቁጥር በደቂቃ ከ4 እስከ 5 ሺህ አካባቢ ነው፤ ከርካሹ ያነሰ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ምት ከባድ ነው። ጉልበቱም ጁል በሚባል መለኪያ ይጻፋል፤ ለቤት የሚሆን ትንሽ ፓቲሾን 2 ጁል ያህል አለው። ፑንታውም ቂጡ ላይ ቦይ ያለው፣ ኤስ ዲ ኤስ የሚባል ዓይነት ነው፤ ገፋ አድርጎ መክተት ብቻ ነው እንጂ በቁልፍ አይጠብቅም። ልዩነቱን ለማስረዳት እንዲህ እንበል፤ በር ሺህ ጊዜ በጣት ማንኳኳትና አንድ ጊዜ በመዶሻ መምታት አንድ አይደሉም። ሻጩ የሚያሳያችሁ የጣቱን ብዛት ነው።

ሦስተኛው በሳጥኑ ላይ የተጻፉት ሌሎች ቁጥሮች ናቸው። አንዱ መሰርሰሪያ 18 ቮልት፣ ሌላው 20፣ ሦስተኛው 21 ይላል፤ ሰውም 21 ይበልጣል ብሎ ያንን ይገዛል። ሦስቱም በውስጣቸው ያሉት አምስት የሊቲየም ሕዋሳት ናቸው። እያንዳንዱ ሕዋስ በሥራ ላይ 3.6 ቮልት ያህል ሲሰጥ ድምሩ 18 ይሆናል፤ ገና ቻርጅ እንደተደረገ 4.2 ሲሆን ድምሩ 21 ይሆናል። ስለዚህ አንዱን ነገር በሦስት ስም እየሸጡልን ነው። ከዚህ የባሰም አለ። 48፣ 88፣ 128 የሚል ትልቅ ቁጥር ጽፈው ከጎኑ «ቪ ኤፍ» የሚል ፊደል የሚለጥፉ አሉ። ይህ የቮልት መለኪያ አይደለም፤ የምንም መለኪያ አይደለም። መጠየቅ ያለበት አምፔር ሰዓት የሚባለው ቁጥር ነው። 18 ቮልት በ1.5 አምፔር ሰዓት ሲባዛ 27 ዋት ሰዓት ነው፤ በ4 ሲባዛ 72 ነው። በርካሹ ሳጥን ውስጥ የሚገኘው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው፤ ይህም ቁጥር ከነጭራሹ ያልተጻፈበት አለ። «46 ዕቃ የያዘ» የሚለውም አያታላችሁ። ከ46ቱ አብዛኛው የብሎን መፍቻ ጫፍ ሲሆን፣ ለግድግዳ የተባሉት ጥቂት ፑንታዎች በአንድ ቀዳዳ የሚደነዝዙ ይሆናሉ። ጫፉ ጠንካራ ካርባይድ የተበየደበት አንድ ባለ 6 እና አንድ ባለ 8 ሚሊሜትር ፑንታ ለብቻ መግዛት ከዚያ ሁሉ ኮተት ይሻላል።

አሁን የሚቃወሙንን እንስማ። የመጀመሪያው ተቃውሞ «ርካሽ ነው፤ ቢበላሽ ሌላ እንገዛለን» የሚል ነው። ይህን የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ደመወዙ የሚበቃው ነው። በቢቱአሕ ሌኡሚ ድጎማና በአንድ ሰው የጽዳት ሥራ ደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ ግን ሁለት ጊዜ ርካሽ ከገዛ አንድ ጊዜ ውድ ገዝቷል፤ ያውም ቀዳዳው ሳይበሳ። ባትሪው ሲሞት ደግሞ የዚያ ስም ባትሪ በገበያ ላይገኝ ይችላል፤ ያኔ መሰርሰሪያው ሳይበላሽ ይጣላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «እንግዲያው ስመ ጥር የሆነውን ይግዙ» የሚል ነው። እኛ ግን ነገሩ የስም ጉዳይ አይደለም እንላለን። ስመ ጥሩ ዕቃ በተሻለ ሁኔታ የተሠራ ነው፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ነገር ግን በውስጡ ያው ጥርስ ያለው ክብ ብረት ከሆነ፣ በኮንክሪት ላይ የሚያደርገው ያንኑ ማንኳኳት ነው። ከስሙ በፊት አሠራሩን ጠይቁ። «ፓቲሾን ነው ወይስ ማቅዴሓ?» ብላችሁ በዕብራይስጥ ጠይቁ። ይህን አንድ ጥያቄ የጠየቀ ገዥ በሻጩ ዘንድ ወዲያው ክብር ያገኛል።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ባለሙያ ይጥሩ» የሚል ነው። ለኤሌክትሪክና ለውኃ ቧንቧ እውነት ነው፤ ባለሙያ ይጠራ። ለመጋረጃና ለመደርደሪያ ግን በየጊዜው ሰው መጥራት ገንዘቡም ይጎዳል፤ አባትንም በገዛ ቤቱ እንግዳ ያደርገዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መልሱን ከሩቅ አንፈልግም። በአገር ቤት ለለቅሶና ለድግስ ድንኳን ለብቻው የገዛ ሰው ማን ነበር? ድንኳኑም፣ ብረት ድስቱም፣ አግዳሚ ወንበሩም የዕድር ነበር። የሚያስፈልገው ሰው ይወስዳል፣ ሲጨርስ አጥቦ ይመልሳል። በዓመት ሦስት ቀን የሚያስፈልግ ዕቃ በአርባ ቤት አርባ ቦታ አይቀመጥም ነበር። የግድግዳ መሰርሰሪያም እንደዚያው ያለ ዕቃ ነው። አንድ ቤተሰብ መጋረጃውን፣ መደርደሪያውንና መስተዋቱን ከሰቀለ በኋላ በዓመት ስንት ጊዜ ግድግዳ ይበሳል?

ሒሳቡን እናስላ። በአንድ መግቢያ ስምንት ቤተሰብ ቢኖርና እያንዳንዱ ለርካሽ መሰርሰሪያ 200 ሸቀል ቢያወጣ፣ በድምሩ 1,600 ሸቀል ወጥቶ ኮንክሪት የሚበሳ አንድም መሣሪያ አይኖርም። እነዚያው ስምንቱ ስልሳ ስልሳ ሸቀል ቢያዋጡ 480 ሸቀል ይሆናል። ዋጋ ከሱቅ ሱቅ ቢለያይም፣ በዚህ አካባቢ ባለ ገንዘብ በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሠራ ትንሽ ፓቲሾን መፈለግ ይቻላል። በሽቦ የሚሠራ በመሆኑ የሚሞት ባትሪ የለውም፤ ግድግዳ ባለበት ሶኬት አለ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት የተነገረው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ስሜት አለ፤ እሱም ኀፍረት ነው። «በእስራኤል ሰው ሁሉ የራሱ አለው፤ መዋስ የድኻ ነው» ይባላል። ይህን አስተሳሰብ አጥብቀን እንቃወማለን። መዋስ የሚያሳፍረው ሳይመልሱ ሲቀሩ ነው። አንድ ኃላፊ ይመረጥ፤ ማን ወሰደ ማን መለሰ የሚጻፍበት ደብተር ይኑር፤ የሰበረ ይናገር፤ የዓይን መከላከያ መነጽርም ከሳጥኑ አይለይ። ዕድርን ለዘመናት ያስተዳደሩ ሽማግሌዎቻችን ይህን ሥርዓት ከማንም ይበልጥ ያውቁታል።

ማኅበራችንም ከወቀሳ አያመልጥም። ለበዓል አዳራሽ ለመከራየት ገንዘብ ሲገኝ፣ ለአንድ የመሣሪያ ሳጥን እስካሁን አልተገኘም። እኛም በዚህ ውስጥ ስላለንበት ወቀሳው ይነካናል። በሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ ይህ ጉዳይ በአጀንዳ እንዲያዝ ከአሁኑ እንጠይቃለን።

በባትሪ የሚሠራውስ ምን ይረባል? ብሎን ለማጥበቅና ለመፍታት፣ ተፈታትተው የሚሸጡ ቁም ሣጥንና አልጋ ለመገጣጠም፣ እንጨትና ጌቤስ ለመብሳት እጅግ ጥሩ ነው። ለዚህ የሚፈልገው ሰው ማቭሬጋ የሚባለውን፣ መዶሻ የሌለውን ይግዛ፤ ለማይጠቀምበት መዶሻ ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈል። ባትሪው ለብቻው በሱቁ ይሸጥ እንደሆነ ይጠይቅ። በሳጥኑ ላይ የአስመጪው ስም በዕብራይስጥ መጻፉንም ይመልከት፤ አስመጪው የማይታወቅ ዕቃ ሲበላሽ የሚመለስበት ቤት የለውም።

አስቀድማችሁ ለገዛችሁም ተስፋ አለ። ከሱቅ የተገዛ ያልተሠራበት ዕቃ፣ በሕግ ከተዘረዘሩት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ በ14 ቀን ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ሻጩ የሚቀንሰው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል ነው፤ ከሁለቱ ያነሰውን። ሳጥኑን መክፈት ብቻውን እንደ መጠቀም አይቆጠርም፤ ዕቃውን ኤሌክትሪክ ላይ መሰካት ግን ይቆጠራል። ስለዚህ ሳትወስኑ ቻርጅ አታድርጉ። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ለገዛችሁ ደግሞ ብዙዎች የማያውቁት መብት አለ። የዖሌ ተዑዳ ከተሰጠው አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው፣ ግዢው ከሻጩ ጋር በመነጋገር የተደረገ ከሆነ፣ በኤሌክትሮኒክ መልእክት መነጋገርም ጭምር፣ እስከ አራት ወር ድረስ ውሉን ሊሰርዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በጹር እስራኤል ዘመቻ የመጣችሁ ብዙዎቻችሁ የአምስት ዓመቱ ጊዜ እያለፈ ነውና ተዑዳችሁን አውጥታችሁ ቀኑን ተመልከቱ። ደረሰኝ አትጣሉ። ደብዳቤ መጻፍ ከቸገራችሁ ወደ እኛ ኑ፤ ሥራችን ነው።

ስትበሱም ጥቂት ነገር አትርሱ። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አትብሱ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያልፋል። የማማድ ግድግዳ ማዶ ለማዶ ፈጽሞ አይበሳም፤ እዚያ ከመሥራት በፊት የፒኩድ ሃዖሬፍን መመሪያ ጠይቁ። ተከራይ ከሆናችሁ አከራዩን አስፈቅዱ። ከሰዓት በኋላ በእረፍት ሰዓትና በሰንበት የጎረቤትን ሰላም አታውኩ።

ወደዚያ አባት እንመለስ። ከሌላ መግቢያ አንድ ጎረቤት አሮጌ ፓቲሾን አዋሰው። እኛም ዘንግ እንይዝለት ዘንድ በቦታው ነበርን። ከዚያው ከመስኮቱ በላይ፣ ጠቁሮ በቀረው ቀዳዳ ላይ ፑንታውን አስጠግቶ ያዘ፤ ትከሻውን ሳይጫን ባለ 6 ሚሊሜትሩ ፑንታ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ገባ። ልጁ አቧራው ወለል ላይ እንዳይወድቅ ከታች ጋዜጣ ዘርግቶ ይዞ ነበር። አራቱን ቀዳዳ ከጨረሱ በኋላ አባትየው ዲቤሉን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ አስገባና ለልጁ ካቻቪቴውን ሰጠው። «የመጨረሻውን አንተ አጥብቀው» አለው።

ይህ እንዲሆን በየቤቱ አንድ ርካሽ መሰርሰሪያ አላስፈለገም። በየመግቢያው አንድ ደህና መሣሪያና አንድ ደብተር ይበቃል። ይህን ካነበባችሁ በኋላ ዛሬ ማታ የጎረቤታችሁን በር አንኳኩና ስሙን ጻፉ።